«ገባህ?» ከማለት «እስቲ ንገረኝ»

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ ብርዱን ሸሽተው ላይብረሪ ጥግ አንድ ደብተር ላይ ያጎነበሱ ሁለት ተማሪዎችን ከሩቅ ያየ ሰው፣ የሚባባሉትን ባይሰማም ትምህርቱ መያዝ አለመያዙን መለየት ይችላል። እስክርቢቶው በማን እጅ እንዳለ ማየት ይበቃዋል። አስጠኚው እየጻፈ ተማሪው ራሱን የሚነቀንቅ ከሆነ፣ ያ ሰዓት ለአስጠኚው ጥሩ ክለሳ ነው፤ ተማሪው ግን ዶርሙ ገብቶ ብቻውን ሲሞክረው ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል።

ጎጃም ውስጥ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ስማቸው የገነነው በቅኔ ነው፤ የቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪ ተቀምጦ እየሰማ ብቻ የሚውልበት ቤት አይደለም። ተማሪው ገለል ብሎ ይቆጥራል (ቅኔውን በልቡ ያዘጋጃል)፣ የቆጠረውን ይዞ መጥቶ ይነግራል፣ የኔታ ሰምተው የተሰበረውን ያቀናሉ። ከባለ 2 ቤቱ (ባለ 2 ስንኙ) ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ባለ 8 ቤቱ መወድስ እስኪደርስ ድረስ መንገዱ ይኸው ነው። ተማሪ ሲበዛ በሳሎቹ አስነጋሪ ሆነው የጀማሪዎቹን ቅኔ ይሰማሉ። ለዩኒቨርሲቲ የሒሳብና የስታቲስቲክስ አስጠኚ ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም። አስነጋሪ ማለት እንዲናገር የሚያደርግ ነው።

የግል ማስጠናት ምን ያህል እንደሚጠቅም በቁጥርም ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 ቤንጃሚን ብሉም የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ተመራማሪ፣ በግል የተጠኑ ተማሪዎች በመደበኛ ክፍል ከተማሩት በ2 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ውጤቶች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካበት ልክ ነው) በልጠው መገኘታቸውን ጻፈ። ኖርማል ከርቭ ላይ ሲቀመጥ፣ በግል የተጠናው አማካይ ተማሪ ከክፍሉ 98 በመቶ የሚሆነውን ይበልጣል ማለት ነው። ቁጥሩ ያጓጓል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ከርት ቫንሌን የተባለ ተመራማሪ ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመዝን የሰው አስጠኚ ውጤት 0.79 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ይህም ቢሆን ትንሽ አይደለም፤ አማካዩን ተማሪ ከ50ኛው ወደ 78ኛው ፐርሰንታይል ግድም ያወጣዋል፣ ማለትም ከ100 ተማሪ 78ቱን ያህል ይበልጣል። እኔ ግን ከዚያው ጥናት የምይዘው ሌላውን ቁጥር ነው። የመጨረሻውን መልስ ብቻ አይቶ «ትክክል»፣ «ስህተት» የሚል የኮምፒውተር ፕሮግራም 0.31 ሲያስገኝ፣ የተማሪውን ሥራ መስመር በመስመር የሚከታተለው 0.76 አስገኝቷል፤ ከሰው አስጠኚ እምብዛም አላነሰም። ጥቅሙ ያለው መስመሮቹን ከመከታተል ላይ ነው። ቁጭ ብሎ መልስ የሚያይ አስጠኚ፣ ሰው ቢሆንም፣ ከ0.31ዱ ወገን ነው።

እኛ ዘንድ መስመር በመስመር እንዳንከታተል የሚያደርገን ትልቁ ነገር ይሉኝታ ነው። አስጠኚው 20 ደቂቃ ሲያስረዳ ቆይቶ «ገባህ?» ይላል። ከገጠር ቀበሌ ለመጣ፣ አስተማሪ ፊት ቀና ብሎ ማየት እንኳ እንደ ድፍረት ሲቆጠር ላደገ ልጅ፣ «አልገባኝም» ማለት የሰውየውን ድካም ከንቱ ማድረግ ነው። ስለዚህ «ገባኝ» ይላል። አልዋሸም፤ አክብሮ ነው። ጥፋቱ የጥያቄው ነው። በምትኩ የሚሠሩ ጥያቄዎች አሉ፦ «ሦስተኛውን መስመር ከሁለተኛው እንዴት አገኘኸው?»፣ «ይቺ 2 የት ሄደች?»፣ «ይህን ለክፍል ጓደኛሽ በአማርኛ ብትነግሪያት ምን ትያታለሽ?» ከዚያ በኋላ ዝም ማለት። በልብ እስከ 10 መቁጠር ጥሩ ልክ ነው። ብዙ አስጠኚ 3 ላይ ሳይደርስ መልሱን ራሱ ይናገራል፤ ተማሪውም ዝም ካለ መልሱ እንደሚመጣለት ቶሎ ይለምዳል።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት አይጀመርም። አንድ ወረቀት፣ 10 ጥያቄ፣ 20 ደቂቃ፣ ያለ ካልኩሌተር። ለፍሬሽማን ሒሳብና ለአፕላይድ ማትስ ተማሪ የሚከተሉት ዓይነት ይበቃሉ፦ 2/3 + 1/4፤ −3²፤ 5 − 2(ኤክስ − 4)ን ማቃለል፤ √(9 + 16)፤ (ኤክስ + 3)²ን መዘርዘር፤ 2⁻³፤ −2ኤክስ < 6፤ ኤክስ² = 5ኤክስ። ለስታቲስቲክስ ተማሪ 3/8 ይበልጣል ወይስ 0.4፣ 0.05 በመቶኛ ስንት ነው፣ የሲግማ ምልክት ምን አድርጉ ይላል የሚሉትን መጨመር ነው። ጥያቄዎቹ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስድብ ይመስላሉ፤ ስለዚህ ወረቀቱን ሲሰጡ «የት እንደምንጀምር እንድናውቅ ነው» ብሎ መናገር ተገቢ ነው።

ወረቀቱ ሲመለስ ቀይ እስክርቢቶ ማውጣት የለም። ተማሪው እያንዳንዱን እንዴት እንደሠራው ይናገራል። መልሱ −9 ሆኖ ሳለ ሁለት ተማሪዎች −3²ን 9 ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። አንደኛው ቅንፍ እንዳለ አድርጎ አንብቦታል፤ ለእሱ የአጻጻፍ ልማዱን መንገር የ5 ደቂቃ ሥራ ነው። ሌላው የስሌት ቅደም ተከተል ጭራሹን የለውም፤ ለእሱ ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል። ኤክስ² = 5ኤክስ ላይ ደግሞ አብዛኛው ሁለቱንም ወገን ለኤክስ አካፍሎ «5» ይላል፤ 0 ጠፋች። ለዜሮ ማካፈል ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ኤክስ ራሱ ዜሮ ሊሆን እንደሚችል ግን አላሰበም። ይህቺው ስህተት በኋላ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ላይ መልስ ታስጠፋለች።

ካልኩለስ ከበደኝ ብሎ የሚመጣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የከበደው አልጀብራው ነው። ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ የ(ኤክስ² − 9)/(ኤክስ − 3) ሊሚት ስንት ነው ሲባል 3ን ይተካል፣ 0/0 ያገኛል፣ «የለም» ወይም «ዜሮ» ይላል። የሊሚትን ትርጉም ቢጠየቅ ይናገራል፤ ያጣው ላይኛውን ወደ (ኤክስ − 3)(ኤክስ + 3) መበተኑን ነው። መልሱ 6 ነው። እዚህ ላይ ሊሚትን እንደ አዲስ ማስረዳት ሁለት ሰዓት ማባከን ነው፤ የሚያስፈልገው የዘጠነኛ ክፍል ፋክተሪንግ ነው፣ አንድ ቀን ከሰዓት።

ከሁሉ በፊት ተማሪው እጅ ውስጥ መግባት ያለበት መሣሪያ በቁጥር መፈተን ነው። (ሀ + ለ)² = ሀ² + ለ² ብሎ ለጻፈ ተማሪ «ቀመሩ ይህ ነው» ማለት አይጠቅምም፤ ቀመሩን ከዚህ በፊት 20 ጊዜ ተነግሮታል። ሀን 3፣ ለን 4 አድርጎ ራሱ ያስላ፦ በአንድ ወገን 49፣ በሌላው 25። የ24 ልዩነቷ ከየት መጣች? 2 × 3 × 4። ያኔ የመሐሉን ቁጥር ራሱ አገኘው። √(9 + 16)ንም 3 + 4 ብሎ 7 ያለው ተማሪ 7ን በ7 አባዝቶ 49 ሲያገኝ ይደነግጣል። ክፍልፋይ ላይ (2 + 6)/2 ሲያይ ላይና ታች ያሉትን 2ቶች ሰርዞ 6 የሚል ተማሪ 8ን ለ2 ቢያካፍል 4 ያገኛል። ይህን የለመደ ልጅ ፈተና ክፍል ውስጥ አስጠኚ አያስፈልገውም።

ለኢንቲግራል ፈተናው መልሱን ዴራይቭ ማድረግ ነው። የ1/(ኤክስ² + 1) ኢንቲግራል የ(ኤክስ² + 1) ናቹራል ሎግ ነው ያለ ተማሪ መልሱን ዴራይቭ ያድርግ፤ 2ኤክስ/(ኤክስ² + 1) ይወጣል፤ የተነሣበት አይደለም። (3ኤክስ + 1)⁵ን ዴራይቭ ሲያደርግ 5(3ኤክስ + 1)⁴ ብሎ የሚያቆመውን ልጅ ደግሞ ቼይን ሩልን (የውጪውን ዴራይቭ በውስጡ ዴራይቭ አባዛ የሚለውን ሕግ) ማስወረድ አያድነውም። «የውጪው ምንድን ነው፣ የውስጡስ?» እየተባለ ቢጠየቅና ውስጡን በእጁ ቢያከብብ፣ የጎደለችዋ 3 ራሷ ትታየዋለች፦ 15(3ኤክስ + 1)⁴።

የአንዱ ክፍለ ጊዜ ልክ 90 ደቂቃ ይበቃል፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ መካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ዕረፍት ኖሮት። በአንድ እሑድ 4 ሰዓት ማጥናት ለሁለቱም ቀላል ይመስላል፣ ግን ሐሙስ ላይ አብዛኛው ተረስቷል። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ተማሪው ያለፈውን ጊዜ አንድ ጥያቄ በባዶ ወረቀት ይሠራል፤ ደብተር ተዘግቶ። ቀጥሎ 15 ደቂቃ ለስህተት ደብተሩ። 45 ደቂቃ ለአዲሱ፤ እዚህም ቢሆን አስጠኚው አንድ ምሳሌ ብቻ ይሠራል፣ ሁለተኛውን ከመሐል ጀምሮ ተማሪው ይጨርሰዋል፣ ሦስተኛውን ተማሪው ይዞ ይነሣል። ከዚያ 15 ደቂቃ ተማሪው ብቻውን፣ አስጠኚው አፉን ዘግቶ። የቀረችው 5 ለቀጣዩ ቀን ሥራ። በደንብ የተሠሩ ሦስት ጥያቄዎች ሙሉ ዎርክሺት ከመጋለብ ይበልጣሉ።

የስህተት ደብተሩ ነገር ሰፋ ተደርጎ ይነገር። በግራው ገጽ የተሳሳተው መስመር እንዳለ ይጻፋል፣ ሳይታረም። በቀኙ ትክክለኛው መስመርና ምክንያቱ፣ ምክንያቱም በአማርኛ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ለምን በአማርኛ? ከሀንድአውት የገለበጠውን እንግሊዝኛ ሳይገባው ሊያነበንበው ይችላል፤ በራሱ ቋንቋ ግን ያልገባውን ሊጽፍ ሲል እስክርቢቶው ይቆማል። ስድስት ሳምንት ሲሞላው ደብተሩ ይገለበጣል፤ ብዙ የሚመስሉት ስህተቶች አራት ወይም አምስት ዓይነት ብቻ ሆነው ይገኛሉ።

ቋንቋው ራሱ ፈተና ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ ሐሳቡ በአማርኛ ይሄዳል፣ ፕሮባቢሊቲ ላይ ደግሞ አንዲት ቃል መልሱን ትገለብጣለች። «አት ሊስት» ቢያንስ፣ «አት ሞስት» ቢበዛ። ተማሪው «ሊስት» የምትለዋን ሲያይ «ትንሽ» ብሎ ይወስድና ወደ ታች ይቆጥራል። 5 ሙከራ፣ የእያንዳንዱ የመሳካት ዕድል 0.2 ይሁን። ምንም አለመሳካቱ 0.8⁵ = 0.32768 ነው። ቢያንስ አንዴ መሳካቱ 1 − 0.32768 = 0.67232፤ ልክ አንዴ ብቻ መሳካቱ 0.4096 ስለሆነ፣ ቢበዛ አንዴ መሳካቱ 0.32768 + 0.4096 = 0.73728። ከስሌቱ በፊት ተማሪው ከ0 እስከ 5 ያሉትን ቁጥሮች ይጻፍና ጥያቄው የሚያካትታቸውን ያክብብ። ይህ 10 ሰከንድ ይወስዳል፤ የሚያድነው ነጥብ ግን ብዙ ነው።

ኮንዲሽናል ፕሮባቢሊቲ (አንድ ነገር መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሌላው ዕድል) ቀመሩን ትቶ በሰው ቁጥር ሲሠራ ይቀላል። ለምሳሌ ያህል፣ ትኩሳት ይዟቸው ጤና ጣቢያ ከመጡ 1000 ሰዎች 20ዎቹ ወባ አለባቸው እንበል። ምርመራው ካለባቸው 95 በመቶውን ያገኛል፤ ከሌለባቸውም 5 በመቶውን በስህተት «አለ» ይላል። 19 ሰው በትክክል፣ ከ980ዎቹ ደግሞ 49 ሰው በስህተት፤ «አለብህ» የተባሉት 68 ናቸው። ከእነሱ ውስጥ በእርግጥ ወባ ያለባቸው 19/68፣ ማለትም 28 በመቶ ግድም። ተማሪው 95 በመቶ ብሎ ነበር የጠበቀው። ይህንኑ የሚያሰላውን የቤይስን ቀመር ከዚህ በኋላ ቢጽፉለት እያንዳንዷ ቁጥር የት እንደተቀመጠች ያያል፤ በፊት ቢጽፉለት ግን የትኛው ላይ የትኛው ታች እንደሆነ ያወርዳል፣ ፈተና ቀንም ይገለበጥበታል።

ስታንዳርድ ዴቪዬሽንና ስታንዳርድ ኢረርን መለየት ለሴሚስተሩ ሁሉ መሠረት ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ መስጠት አይቆጭም። የጤፍ ማሳ የማያውቅ የምሥራቅ ጎጃም ልጅ የለም፤ እሱን መያዝ ነው። 36 ማሳ ተለክቶ በሄክታር አማካዩ 18 ኩንታል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 6 ይሁን። 6ቱ የሚናገረው አንዱ ገበሬ ከሌላው ምን ያህል እንደሚራራቅ ነው። ስታንዳርድ ኢረሩ 6/√36 = 1 ሲሆን፣ የሚናገረው ስለ አማካዩ ነው፤ ሌላ 36 ማሳ ብንለካ አማካዩ በምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል። የማሳውን ብዛት 144 ብናደርሰው ኢረሩ 0.5 ይሆናል፤ ገበሬዎቹ ግን እንደተራራቁ ናቸው፣ 6ቱ 6 አካባቢ ይቀራል። በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ መልፋት እንደሚጠይቅ እዚሁ ላይ ይታያል። እውነተኛው አማካይ የሚገመትበት ክልል፣ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ፣ በ1.96 ሲሰላ ከ16.04 እስከ 19.96 ነው፤ «95 በመቶው ገበሬ በዚህ መካከል ያመርታል» የሚል ተማሪ ሁለቱን ገና አልለየም፣ ወደ ኋላ መመለስ አለበት።

ኑል ሃይፖቴሲስን («ልዩነት የለም» የሚለውን መነሻ ግምት) «አክሴፕት» ማለት ለምን እንደማይባል ለማስረዳት የጠፋ በሬ ይበቃል። ጫካ ገብቶ «ፈልጌ አጣሁት» ያለ ሰውና «ጫካው ውስጥ በሬ የለም» ያለ ሰው አንድ ነገር አልተናገሩም። የመጀመሪያው ምን ያህል ፈለገ? አንድ ዙር ዞሮ ከሆነ ማጣቱ ብዙ አይነግረንም። ሳምፕሉ 8 ሰው ሆኖ ልዩነት አልተገኘም የሚል የመመረቂያ ጽሑፍም እንዲሁ ነው።

በኖርማል ከርቭ ሥር ያለውን ድርሻ የሚሰጠው የዜድ ሠንጠረዥ ላይ የሚጠፋው ነጥብ ያሳዝነኛል፤ ሐሳቡ ገብቷቸው ሠንጠረዡ ይጥላቸዋል። አንዱ መጽሐፍ ለ1.96 የሚሰጠው 0.975 ነው፣ ከግራ ጫፍ ጀምሮ፤ ሌላው 0.475 ይሰጣል፣ ከመሐል ጀምሮ። ተማሪው በአንዱ ተለማምዶ ፈተና ላይ ሌላው ይታደለዋል። መድኃኒቱ ከሁሉ በፊት ለ0 የተሰጠውን ማየት ነው፦ 0.5 ከሆነ ከግራ፣ 0 ከሆነ ከመሐል። ካልኩሌተርም እንዲሁ አንድ ጊዜ መፈተን አለበት። ሳይን 30 ሲባል 0.5 ካለ ዲግሪ ላይ ነው፣ −0.988 ካለ ራዲያን ላይ። 2፣ 4፣ 6ን አስገብቶ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሲጠየቅ 2 ካለ ለኤን (የቁጥሮቹ ብዛት) ሲቀነስ 1 አካፍሏል፣ 1.633 ካለ ለኤን።

ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ የሚሠሩ የኢኮኖሚክስና የማኔጅመንት ተማሪዎች ሁለት ቦታ ይወድቃሉ። «ሲግ» በሚለው ዓምድ .000 ሲያዩ ፒ ቫልዩው (ኑል ሃይፖቴሲስ እውነት ቢሆን እንዲህ ያለ ወይም የባሰ ውጤት የሚገኝበት ዕድል) ዜሮ ነው ብለው ይጽፋሉ፤ ሦስት አሃዝ ብቻ ስለሚታይ ነው፣ «ከ0.001 ያነሰ» መባል አለበት። ሁለተኛው ከባድ ነው። የሁለት ቡድኖችን አማካይ የሚያወዳድረው ቲ ቴስት ውጤት ላይ መጀመሪያ የሚመጣው የሌቪን ቴስት ሲግ የሚፈትነው የቫሪያንስ (የመራራቅ) እኩልነትን እንጂ የአማካይን ልዩነት አይደለም። እሱ የሚጠቅመው ከሁለቱ ረድፎች («ቫሪያንሱ እኩል ነው» እና «አይደለም») የትኛው እንደሚነበብ ለመምረጥ ነው። ተማሪው እሱን ይዞ «ልዩነት አለ» ብሎ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይጽፍበታል።

የሒሳብ ዲፓርትመንት ተማሪዎችን ከኤፕሲሎንና ዴልታ (በሊሚት ጥብቅ ትርጉም ውስጥ ካሉት ሁለት ትንንሽ ርቀቶች) ጋር የሚያጣላቸው የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። «ለእያንዳንዱ በር የሚከፍተው ቁልፍ አለ» እና «ሁሉንም በር የሚከፍት አንድ ቁልፍ አለ» እኩል አይደሉም። ዴልታ እንደ ቁልፍ ናት፣ በሩ፣ ማለትም ኤፕሲሎን፣ ከታወቀ በኋላ ትመረጣለች። ይህ ከተያዘ የቀረው ልምምድ ነው።

ክፍያ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይነገር፣ በሰዓት ይሁን፣ ተማሪው ሲቀር ምን እንደሚሆንም አብሮ። ቦታው ሰው የሚያይበት ይሁን፤ ላይብረሪ፣ ላውንጅ፣ ክፍት የመማሪያ ክፍል፤ በተለይ አስጠኚው ወንድ ተማሪዋ ሴት ስትሆን ዶርምና የግል ቤት አይሆንም፣ እሷ እስክትጠይቅ ሳይጠበቅ እሱ አስቀድሞ ይበለው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ትምህርቱ በወረቀት የሚሄድ ይሁን። አሳይመንት ሠርቶ መስጠት ማስጠናት አይደለም። ተማሪው የራሱን ሙከራ ካላመጣ አሳይመንቱ አይነካም፤ ካመጣ ግን ሌላ ተመሳሳይ ጥያቄ ተሠርቶ ወደ ራሱ ይመለሳል።

ፋይናል ሳምንት ሲቀረው የሚመጣውን ተማሪ ማባረር ልብ አይፈቅድም፤ ሁሉንም አስተምራለሁ ማለትም ሐሰት ነው። የኮርስ አውትላይኑንና የሚድ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ። ምዕራፎቹ በሦስት ይከፈሉ፦ የሚሠራቸው፣ በአንድ ቀን የሚጠገኑ፣ የሚተዉ። የሚተዉትን ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋል፣ አለዚያ ሌሊት ብቻውን ሲቃጠልባቸው ያድራል። ለመውጫ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ግን እንዲህ መምጣት የለበትም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ 50 በመቶ ማምጣት ግድ ሆኗል፤ የሚጠይቀውም የአንደኛና የሁለተኛ ዓመቱን ጭምር ነው። ለእሱ አንድ ሙሉ ሴሚስተር፣ በሳምንት አንድ ኮርስ፣ ከስህተት ደብተሩ ተነሥቶ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ፣ ከፋይናል በፊት ባለው የመጨረሻ ቀን፣ የመጀመሪያው ቀን ወረቀት ተመልሶ ይምጣ፤ ያው 10 ጥያቄ፣ ያው 20 ደቂቃ። አስጠኚው ከአጠገቡ ይነሣ፣ ወጣ ብሎ ሻይ ይጠጣ። ሲመለስ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀምጥና ቀዩን እስክርቢቶ ለተማሪው ይስጠው፤ የዛሬውንም የያኔውንም እሱ ያርም፣ እያንዳንዱንም ለምን እንዳረመው ይንገረው።